“ብርድ ይፈራሉ?” የመጠይቅ ነገር፣ ከደሴ

በዚህ ወር የመጡልኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ሦስቱ ስለ መጠይቅ ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከዚሁ ከደሴ፣ አንዱ ከሐይቅ። ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨጓራ የጻፋችሁልኝ ትንሽ ታገሡኝ፤ ለሚቀጥለው ወር ይዣችኋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ኮምቦልቻ ከቻይናዎች ጋር በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ባለፈው ወር አብሮን ያለ የቻይና ባህላዊ ሐኪም 60 ጥያቄ ያለው ወረቀት አስሞላኝና “ያንግ ጎድሎሃል፤ ሰውነትህ ቀዝቃዛ ነው” አለኝ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በላብ ተነክሬ ነው የምውለው! አሁን ይህንኑ መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሼ ሠራተኞቹን እንዳስሞላለት ጠይቆኝ፣ በሁለት ቅዳሜና እሁድ እጨርሰዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ግን ይሄ ነገር እውነት ሳይንስ ነው? ትርጉሙ ላይስ ምን ልጠንቀቅ?
አስተርጓሚው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ከሁሉ በፊት ለሐኪሙ የገባኸውን ቃል አራዝመው። በሁለት ቅዳሜና እሁድ የሚያልቀው መተየቡ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ከአነጋገርህ አወቅሁት። 60 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ከ“በጭራሽ” እስከ “ሁልጊዜ” 5 መልስ፣ ስላለፈው አንድ ዓመት የሚጠይቅ ከሆነ፣ የቤጂንግ የቻይና ሕክምና ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዋንግ ቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት የሰውነት ባህርይ መጠይቅ ነው። ሰውን በ9 ይከፍላል። አንዱ የተስተካከለ ነው፤ 8ቱ ወደ አንድ በኩል ያጋደሉ ናቸው፦ ቺ (የሕይወት ኃይል የሚሉት) የጎደለው፣ ያንግ (የሚያሞቀው ኃይል) የጎደለው፣ ዪን (የሚያቀዘቅዘውና የሚያረጥበው ኃይል) የጎደለው፣ አክታና እርጥበት የበዛበት፣ እርጥብ ሙቀት ያለበት፣ ደሙ የረጋበት፣ ቺው የታፈነበት፣ እንዲሁም ከትውልዱ ለአለርጂና ለመሳሰለው የተጋለጠው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቻይና ባህላዊ ሕክምና ማኅበር መመዘኛ አድርጎ አውጥቶታል፤ ወደ እንግሊዝኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛም ተመልሷል። ሊቃውንቶቻችን “ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ” የሚሉትን ሊያስታውስህ ይችላል። ቢያስታውስህም በትርጉምህ ውስጥ እንዳታቀላቅለው፤ አንድ አይደሉም።

ሳይንስ ነው ወይ ላልከው፣ ያንግ የሚባል ነገር በደም ምርመራ አይገኝም። እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ እኔም አልገባበትም። ወረቀቱ ግን ሊፈተን ይችላል፦ አንድ ሰው ዛሬ የሰጠውንና ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሰጠውን መልስ ያቀራርባል ወይ? ሊጠይቅ ያሰበውን ነው የጠየቀው ወይስ ሌላ ነገር? ይሄ በቁጥርም በጆሮም የሚፈተን ነገር ነው። በነርስነት ከመሥራቴ ሌላ ለጥናት መረጃ ስሰበስብ ብዙ ዓመት ወሎን በእግሬ ስለዞርኩ፣ በጆሮው በኩል ያለውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ግን ሒሳቡን እንየው። ያንግ ጎድሎሃል የተባልከው በ7 ጥያቄ ነው፦ እጅና እግርህ ይቀዘቅዛል ወይ፤ ሆድህን፣ ጀርባህን፣ ወገብህን ወይም ጉልበትህን ብርድ ይሰማሃል ወይ፤ ከሌላው ሰው የበለጠ ልብስ ትደርባለህ ወይ፤ ቀዝቃዛ ነገር ስትበላ ስትጠጣ አይስማማህም ወይ፤ እንዲህ እያለ ነው የሚሄደው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጥና ይደመራል። ከድምሩ 7 ይቀነሳል፣ ለ28 ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል። 40 እና ከዚያ በላይ ከመጣ “አዎ፣ ጎድሎሃል”፤ ከ30 እስከ 39 “ወደዚያ ያዘነብላል”፤ ከዚያ በታች “የለብህም” ነው።

እስቲ እርሳስ አንሣና አብረን እንሥራው። አንድ ሰው ለ7ቱም “አልፎ አልፎ” ቢል፣ ማለትም 2 ቢያገኝ፣ ድምሩ 14 ነው። 7 ሲቀነስ 7፤ ለ28 ሲካፈል ሩብ፤ ውጤቱ 25። ጤነኛ ነው። ያው ሰው ለ7ቱም “አንዳንዴ” ቢል፣ 3 ማለት ነው፣ ድምሩ 21፤ 7 ሲቀነስ 14፤ ለ28 ሲካፈል ግማሽ፤ ውጤቱ 50። ያንግ ጎድሎታል! በዚያ ላይ ስሌቱ ለ8ቱም ያጋደሉ ባህርያት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ለሁሉም ጥያቄ “አንዳንዴ” እያለ የጨረሰ ሰው ስምንቱንም ጠቅልሎ ይዞ ይወጣል።

አሁን ንገረኝ፣ “አልፎ አልፎ” እና “አንዳንዴ” በአማርኛ ምን ያህል ይራራቃሉ? እኔ ስናገር አንዱን ባንዱ እለውጣለሁ፤ አንተም እንደዚያው ነህ። በቻይንኛው ደረጃ ያላቸው ሁለት ቃላት ናቸው፤ በኛ ግን አንድ ኪስ ውስጥ ያሉ ሁለት ሳንቲሞች ናቸው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና “አንዳንዴ” ካለች “ተወኝ፣ አታድርቀኝ” ማለቷ ነበር። ስለዚህ የጤነኛውንና የታማሚውን ድንበር የያዙት እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸውና፣ 60ውን ጥያቄ ከመተርጎምህ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ በ5ቱ መልሶች ላይ ተቀመጥ። “በወር አንዴ ሁለቴ”፣ “በሳምንት አንዴ ሁለቴ” እያልክ በቀን ብትቆጥርላቸው ይሻልሃል፤ ነገር ግን እንዲህ ካደረግህ መጠይቁን ቀይረኸዋልና 40 የሚለው ወሰን እንደገና መፈተን አለበት። ይሄንን ለሐኪሙ ንገረው፤ አዋቂ ከሆነ ይገባዋል።

ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች እኔ አንድ ጊዜ ሲኒ ተጠቅሜያለሁ። አምስት ሲኒ ረከቦት ላይ ደረደርኩ፦ ባዶ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ሙሉ። “ይሄ ሕመም ምን ያህል ይመጣብዎታል? በጣትዎ ያሳዩኝ” እላለሁ። ብልሃቴን ወድጄው ነበር። አንዲት የወረባቦ እናት ግን ለየትኛውም ሕመም ባዶውን ሲኒ አልነካም አሉኝ። ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። በመጨረሻ “ባዶ ሲኒ ለሰው አይጠቆምም ልጄ፣ ነውር ነው” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በቆሎ ፍሬ ነው የምጠቀመው፤ ፍሬ ከሌለ የለም ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ወደ ቃላቱ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ተማሪን ጥናት ሳግዝ፣ ከዚሁ ከቻይናው መጠይቅ የተወሰዱ ጥያቄዎች በእንግሊዝኛው በኩል ወደ አማርኛ ተመልሰው መጡ። በቻይንኛ ብርድ ያልተስማማው ሰው “ብርድ ይፈራል” ነው የሚባለው፤ አንተ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ተርጓሚውም እንዳለ “ብርድ ይፈራሉ?” ብሎ አስቀምጦታል። ጢጣ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አባት አገኘሁና ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። “እኔ? እኔ ነኝ ብርድ የምፈራው? በሐምሌ ጭጋግ ከብት ስጠብቅ ያደርኩ ሰው ነኝ!” ብለው ተቆጡ። “በጭራሽ” ላይ ምልክት አደረግሁ። ወዲያው “ይልቅ ይሄ ጉልበቴ፣ ሌሊት በረዶ የገባበት ይመስል አላስተኛኝ ብሏል፤ መድኃኒት አለሽ?” አሉኝ። የጠየቅኩት ስለ ሕመም፣ የተሰማቸው ስለ ወንድነት።

እዚህ ላይ ልብ በል። ትርጉም ሲፈተሽ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ከገጠሙ አለፈ ይባላል። “ብርድ ይፈራሉ?” ወደ ቻይንኛ ሲመለስ ቃል በቃል ነው የሚገጥመው! ከስህተቱ ጋር ይሄዳል፣ ከስህተቱ ጋር ይመለሳል። አንተ ቢሮህ ውስጥ ሆነህ መቼም አታገኘውም። የሚገኘው አስር አሥራ አምስት ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠህ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ካነበብክላቸው በኋላ “አሁን ምን ጠየቅሁዎት? በራስዎ አባባል ይንገሩኝ” ስትላቸው ነው። እኛ “ብርድ አይስማማዎትም?” በሚል ለወጥነውና ቁጣው ቀረ።

እዚያው ወረቀት ላይ ስለ ጋቢውም አለ፦ ከሌላው ሰው የበለጠ ልብስ ይደርባሉ ወይ? ጋቢ በኛ አገር የዕድሜና የክብር ልብስ ነው፤ ሽማግሌ በግንቦት ሙቀትም ይደርበዋል። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ብርድን መቋቋም ያቅትሃል ወይ ይልና በቅንፍ ውስጥ የክረምቱን ቅዝቃዜ፣ የበጋውን የአየር ማቀዝቀዣና የቬንቲሌተር ነፋስ ይጠቅሳል። ደሴ ላይ አየር ማቀዝቀዣ! እኛ ጦሳ ተራራ አለልን፣ በነጻ ነው የሚያቀዘቅዘን። ክረምት የሚለውም ቃል ለቻይናው በረዶ ነው፣ ለኛ ዝናብ፤ የኛ ውርጭ የሚወርደው በጥቅምትና በኅዳር ነው። “በክረምት” ብለህ ዝም ብለህ ከተረጎምከው ስለ ሌላ ወር እየጠየቅህ ነው።

የአንተም ነገር ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመኪና ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ዓመት ነው። ከዓመቱ ግማሹን ደላንታ ወይም ኩታበር ከቤተሰብ ጋር ከርመህ ከሆነ የወረደኸው፣ እጅህ የቀዘቀዘው በያንግህ ሳይሆን በአገሩ ነው። በነገራችን ላይ እውነት ሙቀት አገር ተቀምጠህ ብርድ ብርድ የሚልህ፣ ድካም የሚጫጫንህ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂድና የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ አድርግ። ሁለቱም ሰውን ያቀዘቅዛሉ፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

“ድካም” ያልኩት ቃል ራሱ አቃጥሎኛል። ወጣት ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ባሰማራን የዳሰሳ ጥናት ላይ “ድካም አለብዎት?” እያልን ሦስት ሳምንት ደጋ ላይ ዞርን። አዛውንቶቹ አብዛኞቹ “ኧረ ደካማ ነኝ ልጄ!” ይላሉ፣ እኛ “አዎ” እንሞላለን። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ጨምረው “ደካማ ነኝ፣ ልጆቼ አረብ አገር ናቸው፣ የሚያርስልኝ የለም” ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ደካማ ማለታቸው ረዳት የሌለኝ፣ ድሃ ነኝ ማለታቸው ነበር። ለአስተባባሪያችን ስነግረው “ወረቀቱ ታትሟል፣ ቀጥሉ” አለ። ቀጠልን። ያ ቁጥር አንድ ሪፖርት ውስጥ ዛሬም “ድካም” ተብሎ ተቀምጧል፤ ባስታወስኩት ቁጥር ያመኛል።

ድምፅም እንዲሁ ነው። “ድምፅዎ ዝቅ ያለና ጉልበት የሌለው ነው?” የሚለው ቺ ለጎደለው ይቆጠራል፤ የተስተካከለው ባህርይ ውስጥ ደግሞ ተገልብጦ እንደገና ይቆጠራል። አንድ መልስ ሁለት ቦታ ይመታል። ጨዋ ምራት አማቷ ፊት ድምፅዋን ዝቅ ካላደረገች መች ጨዋ ተባለች? ከፋብሪካህ ሴቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸውና በጨዋነታቸው ቺ እንዳታጎድልባቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ናቸው። ብርታት ይሰማዎታል ወይ ብሎ ነው የሚጀምረው። የወሎ ሰው ይህን ስትጠይቀው ምን ይልሃል? “አልሐምዱሊላህ!” ይልሃል፤ ወይም “ክብሩ ይስፋ!” ይልሃል። መረጃ ሰብሳቢው “ሁልጊዜ” ላይ ምልክት ያደርጋል። ምስጋና ነው የሞላኸው፣ ጤና አይደለም። እኔ ሰላምታው ሁሉ አልቆ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ወረቀቴን የማወጣው በቶናው ላይ ነው። ያኔም “ብርታት” አልልም፤ “ውሃ ሲቀዱ፣ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ እንዳምናው ይችላሉ?” እላለሁ።

ከ1563 እስከ 1640 የኖረው የሚንግ ዘመን ሐኪም ዣንግ ጂንግዩዌ፣ ሐኪም በሽተኛውን የሚጠይቀውን ለደቀ መዛሙርቱ በግጥም አዘጋጅቶላቸው ነበር፦ መጀመሪያ ብርድና ትኩሳት፣ ሁለተኛ ላብ፣ ሦስተኛ ራስና ገላ፣ አራተኛ ሽንትና ሰገራ፣ አምስተኛ ምግብ እያለ ይሄዳል። ያንን ግጥም የያዘ ሐኪም ጠይቆ ፊትህን ያያል፤ መልስህ ካልጣመው ተመልሶ በሌላ በኩል ይመጣብሃል፤ ምላስህን ያያል፣ የልብ ትርታህን በጣቱ ያዳምጣል። ወረቀት ተመልሶ አይጠይቅም። ተመልሶ የሚጠየቀው ሁሉ ከመታተሙ በፊት ማለቅ አለበት፤ ሁለት ቅዳሜና እሁድ አይበቃህም ያልኩህ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የትርጉም ባይሆንም። ወረቀቱ በአለቃ እጅ የሚሰበሰብ ከሆነ ሠራተኛው የሚሞላው ሕመሙን ሳይሆን እንጀራውን ነው። ስም አይጻፍበት፣ አለቆች አይዩት፣ “አልሞላም” ያለ ይለፍ። ሐኪሙ በዚህ ካልተስማማ ትርጉሙን ባትሠራው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ውድ እትዬ፣ እዚሁ ደሴ በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ቻይናዎች ለባህላዊ ሕክምናቸው የምልክት መጠይቅ እንዳላቸው ካነበብኩ በኋላ እኔም ለ“ምች” 24 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጀሁ። 80 ሰው አስሞላሁና ክሮንባክ አልፋው 0.94 መጣልኝ! አማካሪዬ ከ0.70 በላይ ይበቃል ብሎኛል። አሁን “የተረጋገጠ መጠይቅ” ብዬ መጻፍ እችላለሁ?
ተማሪዋ፣ ከሆጤ

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ ርዕስሽን ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከቻይና የመነጨው ባህላዊ ሕክምና ምዕራፍ 26 ሆኖ ገብቷል። የኛ ምች የትም የለም። አንቺ ጀምሪው።

0.94ሽ ግን አላስደሰተኝም። ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ይህ ቁጥር የሚነግርሽ ጥያቄዎችሽ እርስ በርስ መያያዛቸውን ብቻ ነው። “ራስዎን ያምዎታል?”፣ “ራስ ምታት አለብዎት?”፣ “ራስዎን ይወጋዎታል?” ብለሽ ብትጠይቂ አልፋሽ ሰማይ ይነካል፤ የጠየቅሽው ግን አንድ ነገር ነው። የላክሽልኝን ወረቀት አየሁት፤ ስለ ራስ ብቻ 6 ጥያቄ አለ። በአንጻሩ ስለ ከንፈር ቁስል አንድም የለም! ምች የመታው ሰው ከንፈሩ ሲፈነዳ አይተሽ አታውቂም? ፀሐይ ላይ ከመውጣቱ በፊት ምን በልቶ እንደነበር፣ የምን ሽታ እንደሸተተው የሚጠይቅም የለም። እናቶች ምችን የሚለዩት በዚያ ነው፣ አንቺ ግን ከመጽሐፍ ጀምረሻል። ሰኞ ገበያ ውረጂ፣ ዳማከሴ የሚሸጡትን ሴቶች “ምች ነው፣ ጉንፋን አይደለም የምትሉት ምን ስታዩ ነው?” ብለሽ ጠይቂ። አዲስ ምልክት መስማት እስክታቆሚ ድረስ ጠይቂ። ጥያቄ የሚወለደው እዚያ ነው።

80 ሰውም ያንስሻል። ጥያቄዎቹ በስንት ቡድን እንደሚሰበሰቡ ለማየት ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 10 ሰው የሚለውን ልማድ ብትይዢ፣ ለ24 ጥያቄ ከ120 እስከ 240 ሰው ያስፈልግሻል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ማስሞላቱ ደግሞ አንቺ ላይ አይሠራም፤ ምች በሁለት ሳምንት ይለቃል። በማግሥቱ ብታደርጊው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው፦ መጠይቅሽ “ምች ነው” ሲል ትክክል መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ቻይናዎቹም የተቸገሩት እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ 40 የሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ቁጣ) ሕሙማንን ሦስት የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መረመሯቸው። በምርመራ ውጤት የተስማሙት በአማካይ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ነው። ሐኪሞቹ ካልተስማሙ መጠይቁ ከማን ጋር ይስማማ? ስለዚህ ከመጠይቁ በፊት ዳኞቹ ይዳኙ።

ዳማከሴ የሚጨምቁ ሁለት አዋቂ እናቶች ፈልጊ እንበል። 100 ሰው ለየብቻ ይዩልሽ። 80ውን ላይ ተስማሙ፤ ትደሰቻለሽ። ቆይ! ሁለቱም ከመቶው 80ውን “ምች ነው” የማለት ልማድ ካላቸው፣ ሰውየውን ሳያዩ በግምት ቢናገሩም “ነው” ላይ 64 ጊዜ፣ “አይደለም” ላይ 4 ጊዜ፣ በድምሩ 68 ጊዜ መገጣጠማቸው አይቀርም። ከግምት በላይ ያተረፍሽው 12 ነው፣ ማትረፍ ትችዪ ከነበረው 32 ውስጥ። 12 ለ32 ወደ 0.38 ነው። ይሄ ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያመጣው ካፓ ነው፤ ብዙዎች ከ0.60 በላይ ሲሆን ነው ጥሩ የሚሉት። 80 በመቶው ያሳሳቅሻል፣ ካፓው ያስለቅስሻል። እናቶቹ ዝቅተኛ ካፓ ከሰጡሽ አትናደጂባቸው፤ አብረሽ አስቀምጫቸውና የተለያዩባቸውን 20 ሰዎች አንድ በአንድ ያውሩልሽ። ከ0.94ሽ ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ሥጋ እዚያ ውስጥ ነው።

ወባ ያለበት ቆላ ላይ፣ ሐርቡም ሆነ ባቲ፣ መረጃ የምትሰበስቢ ከሆነ ግን ትኩሳት ያለውን ሁሉ መጠይቁን ከመሙላቱ በፊት የወባ ምርመራ አስደርጊው። ምች ብለሽ መዝግበሽው የሚሄድ ወባ እንዳይኖር።

ጽሑፍሽ ላይ “የተረጋገጠ” የሚለውን ሰርዢና “የመጀመሪያ ሙከራ” በይው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የ19 ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ይማራል። ስልኩ ላይ የቻይና መጠይቅ ሞልቶ “እርጥብ ሙቀት አለብህ” ተባልኩ ብሎ በርበሬ ትቷል፣ ሥጋ ትቷል፣ ለበዓል መጥቶ አልጫ ብቻ በልቶ ሄደ። እናቱ አለቀሰች። ምን ትመክሪናለሽ?
አባት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእትዬ አይዞሽ ይበሉልኝ። እርጥብ ሙቀት የሚባለው ክፍል ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ፊትህ ወዝ ይበዛዋል ወይ፣ ብጉር ይወጣብሃል ወይ፣ አፍህን ይመርሃል ወይ፣ ሰገራህ ይጣበቃል ወይ፣ ስትሸና ያቃጥልሃል ወይ፣ ሽንትህ ይጠቁራል ወይ የሚሉ ናቸው። የ19 ዓመት ጎረምሳ ወዝና ብጉር ከሌለው ማን ሊኖረው ነው? ወረቀቱ ግን ብጉሩንና የሚያቃጥለውን ሽንት እኩል ቆጥሮ አንድ ስም ይሰጣቸዋል።

ስለዚህ ስሙን ይተዉትና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቁት፤ እናቱ ሳትሆን እርስዎ፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ። ብጉር ብቻ ከሆነ ዶሮው ይሠራለት። ሲሸና ያቃጥለኛል ካለዎት ግን ነገ ሳይሆን ዛሬ ለሽንት ምርመራ ይሂድ፤ ያንን በአልጫ አይፈውሱትም። አፍሮ ዝም ካለም አይቆጡት፤ የመኪናውን ሰጥተውት “ሂድና ተመርመር፣ ውጤቱን ለኔ ባትነግረኝም ግድ የለም” ይበሉት።